ከሀዋታው አሮጌ የባቡር ድልድይ ሥር፣ በሦስት ሰዓት

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቀያችን ከበተነን ወዲህ እህቴ የሺ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሰሊጥ ስሸከም አንድ ቀን ነጋዴው ሰይድ እየሮጠ መጣ።

«እህትህን ሀዋታ አገኘኋት! ሐሙስ በሦስት ሰዓት ከአሮጌው የባቡር ድልድይ ሥር ጠብቀኝ ብላሃለች። ማታ ለጥጥ ለቀማ ወደ ፋው እርሻ ይጭኗቸዋል፤ እንዳታመልጥህ!»

ረቡዕ በሎሪ ተሳፈርኩ። ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል፣ የማሽላው አገዳ ደርቋል። መንገድ ላይ ፉል በልተን ከጆንያው ላይ ተኛን። እኔን ግን ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት

በሰዓቱ ደረስኩ። የራሃድ ወንዝ ደርቆ ድልድዩ አሸዋ ላይ ቆሟል። ሰው የለም። አራት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ስድስት ሲሆን «በቃ፣ ቀድመው ጭነዋታል፤ ፋው ድረስ እከተላታለሁ» ብዬ እያለቀስኩ ተነሳሁ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?» አሉኝ በቀትር ፍየሎቻቸውን ሊያሳርፉ ከድልድዩ ጥላ ሥር የገቡ ሽማግሌ። ዓም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደማለት፣ ይባላሉ፤ የጥንት የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ነገርኳቸው። ሰዓታቸውን አዩና «ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ገና አሥራ ሁለት ነው» አሉኝ።

ፀሐይ አናቴን እየበሳችው አሥራ ሁለት! ጃጅተዋል አልኩ። ወዲያው ግን ድንግጥ አልኩ። ሰይድ እኮ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የሚቆጥረው በሱዳን ሰዓት ነው! የሱ ሦስት የኛ ዘጠኝ ነው። አቤት የኔ ነገር! ከት ብዬ ሳቅሁ።

ዓም ኢድሪስ ቀዩን የካርካዴ ሻይ ቀዱልኝና የድልድዩን ታሪክ ጀመሩ። እንግሊዞች ሲያሠሩት አባታቸው ብሎን አጥብቀውበታል። ማሽላና ጥጥ እስከ ፖርት ሱዳን አልፎበታል። ኋላ ሀዲዱ በሌላ በኩል ዞረና ባቡሩ ቀረ።

«ባቡሩ ተወው እንጂ እኔ አልተውኩትም» ብለው ብረቱን በዱላቸው መቱት።

ዘጠኝ ሰዓት

«ወንድምዓለም!»

የሺ አሸዋውን አቋርጣ ስትሮጥ አየኋት። ከስታለች፣ ግን ራሷ ናት! ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው የምጠብቅሽ!» አልኳት።

«ምነው? ዘጠኝ ሰዓት ብዬው አልነበር!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

የሺ ፋው መሄዷ ቀረ። ወደ ገዳሪፍ የሚመልሰን ሎሪ ሾፌር ታሪካችንን ሰምቶ «መብሩክ! እንኳን ደስ አላችሁ!» አለና ኪራይ አልቀበልም አለን። ዓርብ ገዳሪፍ ገባን። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ቀጠሮ ሲሰጠኝ «በማን አገር ሰዓት?» ብዬ መጠየቅን ነው። ያን ቀን ግን መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «እህቴ ናት፣ እህቴ ናት» እያልኩ ነው ቤት የደረስኩት።