የኖራው አውሬና የፈንታነሽ ምራቅ

«ይኸ ሰውዬ አውሬውን ከኔ ዓይን ደበቀው እኮ፣ እሜቴ! በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ፣ ኩታ አለበሰው! ምኑን በላሁበት? የማንን ልጅ በላሁ? ወይ ይግፈፉልኝ፣ ወይ ያሰናብቱኝ!»

ፈንታነሽ ይህን የምትጮኸው በወይዘሮ አመተማርያም ግቢ መካከል ቆማ ነው። እስከ ክርኗ ጭቃ ናት። የተናደደ ሰው እጅ ላይ ያለ ጭቃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እጇን ባወናጨፈች ቁጥር ይረጫል፣ እሜቴም ነጠላቸውን ወደ ጉያቸው ይሰበስባሉ።

«ኩታው አሮጌ ነው» አለ የተከሰሰው በላይነህ፣ የተጠየቀው የኩታው ዕድሜ ይመስል።

ነገሩ የጀመረው ከዐቢይ ጾም በፊት ነበር። ወይዘሮ አመተማርያም ከደብረ ታቦር ዝቅ ብሎ ሰፊ ግቢ አላቸው። በዚያ ዓመት አዲስ የድንጋይ በር አሠሩ፣ በግራና በቀኙም ሁለት ዓምድ አቆሙ። ዓምዱ ባዶውን ሲቆም አላማራቸውም። ለፋሲካ ከእብናትም ከደራም እንግዳ ይመጣልና፣ በየዓምዱ ላይ አንዳንድ አውሬ እንዲቀመጥ ፈለጉ። እንግዳው ሲያየው ይደንግጥ፣ ከበቅሎው ሲወርድ ጉልበቱ ይንቀጥቀጥ አሉ። ደንግጦ የገባ እንግዳ ብዙ አይበላም የሚል ሐሳብም ሳይኖራቸው አልቀረም።

መጀመሪያ ግን የነፍስ ጉዳይ ነውና መሪጌታ ቀለመወርቅን አስጠሩ። መሪጌታ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «የተከለከለው በሰማይ ያለውን፣ በምድር ያለውን፣ በውኃም ያለውን መስሎ መቅረጽ ነው» አሉ። «እንግዲህ በሦስቱም ቦታ የሌለ ነገር ከሆነ ማን ይከለክላል? አንበሳ አይሁን። ዘንዶም አይሁን። ምንንም የማይመስል ይሁን፣ እሜቴ።»

ምንንም የማይመስል ነገር መሥራት ደግሞ በዚያ አገር የአንድ ሰው ሙያ ነበር፤ የፈንታነሽ።

ፈንታነሽ ተወልዳ ያደገችው ሐሙሲት አጠገብ ነው። እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪ ናቸው። ደብረ ታቦር ያመጣት ባል ነው፤ ባልየው የጦር ስንቅ ተሸክሞ ሄደና በዚያው ቀረ፣ እሷም ከጭቃዋ ጋር ቀረች። ድስትና ጋን ሠርታ ታድራለች። እጇ ግን ድስት ብቻ አይበቃውም ነበር። የጣራ ጉልላት ያዘዟት ሰዎች ቀንድ ያለው ጉልላት ይዘው ይመለሳሉ። ገንቦ ያዘዘች ሴት ቤቷ ስትደርስ ገንቦው ሁለት ጆሮና አንድ ምላስ አውጥቶ ታገኘዋለች። ሰው ይስቃል፣ ይገዛታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ፈንታነሽ ቅናት የሚባለውን ነገር በሌላ ሰው ላይ እንጂ በራሷ ላይ አይታው አታውቅም።

ከዚያ በላይነህ ከጋፋት መጣ።

በላይነህ ጋፋት መድፍ ከሚያቀልጡት ፈረንጆች ዘንድ ኖራ ሲያቦካ ከርሞ ነው የተመለሰው። ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንድ ቀልቀሎ ኖራና አንድ ዓይንን ጨፍኖ ነገር የማየት ልማድ። የእሜቴን ዓምድም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየውና፣ «እሜቴ፣ እኔ በኖራ ልሥራልዎት» አለ።

«ኖራ ይሻላል ሸክላ?» አሉ እሜቴ ሁለቱን አቁመው።

«ኖራ ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል» አለ በላይነህ። «ሸክላ ያው ድስት ነው። እንግዳ በድስት ይደነግጣል እንዴ?»

«ሸክላ እሳት ገብቶ የወጣ ነው!» አለች ፈንታነሽ። «ኖራ የግድግዳ ዱቄት ነው። ክረምት ይግባና እናያለን፣ አውሬህ አጥሚት ሆኖ በዓምዱ ሲወርድ!»

እሜቴ ግን በላይነህ ለናሙና የያዘውን ጠፍጣፋ የደረቀ ኖራ በእጃቸው ዳበስ አደረጉና አንዲት ቃል ተናገሩ። «ነጭ ነው» አሉ።

ይቺ «ነጭ ነው» የምትባል ቃል ፈንታነሽ ጉበት ላይ ተቀመጠች። ሌሊት ትገላበጥባታለች። ጧት ጭቃዋን ታየዋለች፤ ቀይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቀይ ነበር፣ እስከዚያ ቀን ግን ቀይ መሆኑን ልብ ብላው አታውቅም።

እሜቴ ፍርዱን ሰጡ። ሁለቱም ይሥሩ፤ በፋሲካ የበለጠው በቀኙ ዓምድ ይቀመጣል፤ ቀኙን ያገኘ የአዲሱን አዳራሽ ሥራ ሁሉ ይወስዳል። የተሸነፈው በግራው ይቀመጥና ያመሰግናል።

ሥራው ተጀመረ። ፈንታነሽ ከግቢው ጥግ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለለች፣ እየደረበች፣ የዶሮ ራስ፣ የበሬ ሻኛ፣ የእባብ ጅራት ያለው አውሬ አወጣች። ሆዱ ባዶ ነው፤ ከጅራቱ ሥር ቀዳዳ አለው። «ምነው አውሬዬን እዚያ ቦታ በሳሽው?» አሉ እሜቴ። «እሳት ሲገባ የሆዱ ትኩሳት መውጫ ካጣ ይፈነዳል፣ እሜቴ» አለች። እሜቴም ይህን ከራሳቸው ሆድ ያውቁት ነበርና አልተከራከሩም።

በላይነህ ደግሞ «ብሸነፍ አፍርሼ በግራው እሠራዋለሁ» ብሎ ቀኙ ዓምድ ላይ ወጥቶ፣ እንጨትና ድንጋይ አቁሞ፣ ኖራውን ከፍየል ጠጉር ጋር እያቦካ ይለስናል። ክንፍ አወጣለት። የሰው ጆሮ አደረገለት። ፊቱ የእሜቴን ሟች ባል ይመስላል እያሉ ሰዎች ተንሾካሾኩ፤ እሜቴም ሰምተው አልከለከሉም።

ፈንታነሽ ያን ሰሞን ውኃ የምትቀዳው በበሩ በኩል ሆነ። ምንጩ በጓሮ በኩል ነው፤ እሷ ግን በበሩ በኩል ትዞራለች። እንስራዋን አዝላ ቀና ትልና ክንፉን ታያለች። ክንፉ ውብ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ቤቷ ገብታ የራሷን አውሬ ሻኛ አፍርሳ እንደገና ሠራች፤ በማግስቱም ደገመችው።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ በበሩ ስትዞር ክንፉ የለም። ኩታ ለብሷል። እርጥብ ኩታ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች የበሩን ዘበኛ።

ዘበኛው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። «ለዓይን ነው አለ» አላት።

በውነቱ በላይነህ ኩታው ለምን እንደሆነ አያውቅም። ጋፋት ሳለ ኖራ በተለሰነ ቁጥር እርጥብ ጨርቅ ሲያለብሱት አይቷል፤ ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ አይወድም። ሰው ሲጠይቀው «ለዓይን ነው» አለ። ዓይን ከተባለ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። ሸክላ ሠሪ ደግሞ ዓይኗ ይበላል፣ ቡዳ ናት እየተባለ በሚወራበት አገር፣ የማን ዓይን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም።

በዚያው ሰዓት የፈንታነሽ አውሬ ጥላ ሥር እርጥብ የኮባ ቅጠል ለብሶ ተኝቶ ነበር። ጭቃ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው። ግን የሷ ኮባ ኮባ ነው፤ የሱ ኩታ ስድብ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ያልተቃጠለ አንጀት ያስፈልግ ነበር፣ እሷም አልነበራትም። ለዚህ ነው እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና እሜቴ ፊት የቆመችው።

«ግፈፈው» አሉ እሜቴ በላይነህን።

«ይሰነጠቃል፣ እሜቴ።»

«ለምን?»

በላይነህ አፉን ከፈተ። ዘበኛውን አየ፣ ፈንታነሽን አየ። «ዓይን...» አለ።

«እኔ ግቢ ቡዳ የለም። ግፈፍ ብያለሁ!»

ተገፈፈ። ፈንታነሽ ቀና ብላ ሄደች። የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ማንንም አታማክርም፤ ሆሣዕና ሳይደርስ አውሬው ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ተተረተረ።

ፈንታነሽ ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። ደስታው እንስራ አንሥቶ ጀርባ ላይ እስከማሳረፍ ድረስ ብቻ ቆየ። ምንጭ ስትደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን በልጆቻቸው ፊት ላይ ጣል አደረጉ። አንዲቱ ትላንት የገዛችውን ድስት መልሳ ከፈንታነሽ አጥር ሥር አስቀምጣላት ሄደች። «በላችው!» ይላል አገሩ። «ኩታው በተገፈፈ ማግስት! እንትፍ ትበልበት እንጂ!»

እንትፍ ማለት የበላ ሰው ምራቁን ተፍቶ የያዘውን የሚለቅበት ነው። በላይነህ ራሱ እየተሽኮረመመ ወደ ደጇ መጣ።

«ፈንትዬ፣ እባክሽ፣ እንትፍ በይበት።»

«ብተፋ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። ባልተፋ ደግሞ ክፉ ቡዳ። አንተ የትኛዋን ትመርጥልኛለህ?»



ፈንታነሽ መልሱን ሳትጠብቅ አሰበች። አውሬው እንደተሰነጠቀ ቢቀር ቀኙ ዓምድ የሷ ነው። ግን ማን በእጇ አገኘችው ይላል? በዓይኗ ወሰደችው ነው የሚሉት። ይህ ብቻ አልዋጥ አላት። በላይነህን ጭቃ ለጭቃ፣ ክንፍ ለሻኛ ልታሸንፈው እንጂ እንዲህ ልትገላገለው አልነበረም።

ተነሥታ ሄዳ ስንጥቁን አየችው። ልጅ ሳለች ነፋስ ላይ ረስታ ያደረቀቻቸው ገንቦዎች ልክ እንዲህ ነበር የሚሆኑት።

«አንተ፣ ይህን ኩታ ለምን ነበር ያለበስኸው?»

«እዚያ ያለብሱታል።»

«ለምን?»

«እንጃ።»

«እዚያም እንዲህ ረጥቦ ነው?»

«አዎ፣ ጧት ማታ ውኃ ያርከፈክፉበታል።»

ፈንታነሽ ቁጭ አለች። «ኮባዬ ነዋ!» አለች። «አንተ የማትረባ፣ ይኸ እኮ ኮባዬ ነው! ለዓይን ነው ከምትል እንጃ ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር?»

ከዚያ ዋጋዋን ተናገረች። «አድንልሃለሁ። ግን ለፋሲካ፣ እዚህ በር ላይ ሰው ሲሞላ፣ ኩታው ለዓይን አልነበረም ትላለህ። በአፍህ።»

«እላለሁ፣ ማርያምን።»

በማግስቱ በሩ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ፈንታነሽ ከቅሏ ውኃ ጉንጯን ሙሉ ያዘችና፣ ሸክላዋን ዘወትር እንደምታርሰው፣ በአውሬው ላይ ፍርርር አድርጋ ረጨችበት። «ተፋች! ተፋች!» አለ ሕዝቡ። እሷ ግን ለበላይነህ ቀስ ብላ፣ «ኖራውን እንደ አብሽ ቀጠን አድርገህ በጥብጥ፣ በአውራ ጣትህ ወደ ስንጥቁ ውስጥ ግፋው፣ ከዚያ ኩታህን አልብስ» አለችው። እስከ ፋሲካ ድረስ ጧት ማታ እየመጣች ትረጭበት ነበር። አፏ ውኃ በሞላ ጊዜ ስለማትሳደብ፣ ያን ሰሞን ግቢው ሰላም ነበር ይባላል።

ፋሲካ ደረሰ። ኩታው ተገለጠ። አውሬው ነጭ፣ ጤነኛ፣ ስንጥቅ የሌለበት። ፍርዱ እስኪሰማ በግራው ዓምድ ላይ የፈንታነሽ አውሬ ከእሳት ወጥቶ ቀይ ሆኖ፣ ምላሱን አውጥቶ ተቀምጧል፤ ነፋስ ሲመጣ በዚያች ቀዳዳ ያፏጫል። የአንዱ እንግዳ በቅሎ በፉጨቱ በርግጋ ጌታዋን አፈር አስልሳዋለች። እሜቴ ሳቁ። ግን ነጩን አዩና፣ «ቀኙ ለኖራው» አሉ።

ፈንታነሽ በገዛ አፏ ያዳነችውን አውሬ ቀና ብላ አየችው። ክንፉ አሁንም ውብ ነበር።

«በል እንግዲህ» አለችው በላይነህን።

በላይነህ ወደ ሕዝቡ ዞረ።  ሕዝቡም እሜቴም አዩት።

«ኩታው...» አለ። «ኩታው አሮጌ ነበር።» ብሎ ወደ ድግሱ ገባ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ኖራ ያስለሰነ ሁሉ ፈንታነሽን ሳያስተፋ አያድርም ነበር። አንድ አንድ አሞሌ ጨው ታስከፍላለች። የበላይነህንም ሥራ ሁሉ ትረጫለች፤ ረጭታም ስትጨርስ እስኪበቃት ክንፍ ክንፉን ታያለች፣ ጉበቷም እስኪበቃው ይቃጠላል።

ክረምት ሲገባ በላይነህ በግ እየጎተተ ማንም በሌለበት ወደ ደጇ መጣ። በጉን አሰረላትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኩታው ለዓይን አልነበረም» አላት።

«ለማን ነው የምትነግረው፣ ለበጉ?» አለችው።

በጉን ግን አልመለሰችም፤ የዘገየበት ወለድ ነው ብላ ያዘችው። ዋናው ዕዳ አልተከፈለም።