ያልተጫወትነው ፍጻሜ

ባለፈው ቅዳሜ ክሎተን፣ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሥራ ጨርሼ ባቡር ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ፣ የስፖርት ቦርሳ ያንጠለጠለ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጉልበቱን የሚያቀዘቅዝ የጡንቻ ቅባት ተቀብቶ ኖሮ ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ካምፎር፣ ላብና እርጥብ ሣር። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት ሲያዞር እኔ ጠጋ አልኩለት። በዚያ ሽታ ውስጥ ወንድሜ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጫማውን አስሮ፣ እግሩን ተቀብቶ ጄኔቫ ሜዳ ዳር ቆሟል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰው ልገድል ምንም አልቀረኝም።

ሴት ስለ ኳስ ስታወራ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ፣ ግድ የለኝም። ሌላው ሰው አንድ ቡድን ወዶ ነው ሜዳ የሚገባው፤ እኔ አንድ ቡድን ጠልቼ ነው የገባሁት። ደጋፊ አይደለሁም፤ ነቃፊ ነኝ። ግን ለመንቀፍም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉንም አያለሁ። የትምህርት ቤት ውድድር ብትለኝ፣ የልጄ ትምህርት ቤት በዓመት አንዴ የስፖርት ቀን አለው፤ አንደኛ የወጣውም መጨረሻ የወጣውም እኩል ሜዳሊያ ያጠልቃል። «ማሚ ሁላችንም አሸነፍን» አለችኝ። «ማን ተሸነፈ ታዲያ?» ስላት «ካይነር» አለች በጀርመንኛዋ፤ ማንም። ድንቄም! የዩኒቨርሲቲዎቹን ደግሞ ሐይቁ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ አይቻቸዋለሁ፤ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ይፈጥናሉ። ከበረዶ ሆኪ ጋር ግን እንስማማለን። ያቺን ጥቁር ነገር ዓይኔ ባይከተላትም፣ የተገፋ ሰው ጓንቱን ጥሎ እዚያው ይደባደብና ንዴቱን አራግፎ ቤቱ ይገባል። የእግር ኳስ ባለሙያዎቹማ ተወኝ፤ ነፋስ ሽው ሲልባቸው ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለላሉ። እኛ ሜዳ ላይ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ምራቁን ቀባ አድርጎ ነበር የሚነሳው።

የእኛ ሜዳ ዙሪክ ዳር ረገንስዶርፍ፣ ከኪራይ ፎቆቹ ጀርባ ነበር። እኔና ወንድሜ ስዊዘርላንድ ከገባን ብዙም አልቆየንም፤ ወረቀት እየጠበቅን ነበር። እኔ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ እሱ ቋንቋ ይማራል፤ ማታ ማታ ኳስ ይጫወታል። የዙሪክ ሀበሾች ቡድን አጥቂ እሱ ነበር። አብዶ ሲሠራ ተከላካዩ ወደ ግራ፣ ኳሷ ወደ ቀኝ፣ ወንድሜ ደግሞ በመሃል። የበጋ ጀንበር ፎቆቹ መስኮት ላይ ስትቀላ ሜዳው ሁሉ ወርቅ ይቀባ ነበር፤ የጎረቤት አሮጊት ስዊሶች ሳይቀሩ በረንዳ ላይ ወጥተው «ሆፕ! ሆፕ!» ይሉለት ነበር። አሰልጣኛችን ክሎተን አውሮፕላን የሚያጸዳ የዋህ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንለው። «ይሄ ልጅ ኳስ አይመታም፣ ያነጋግራታል» ይል ነበር።

ያን ዓመት በስዊዘርላንድ ሀበሾች ውድድር ለፍጻሜ ከጄኔቫ ሀበሾች ጋር ተገናኘን። የጄኔቫዎቹ አለቃ ኦ ቪቭ የሚባል የጄኔቫ ሰፈር የሚኖር፣ የተማረ፣ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ግማሹን ቃል በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ነበር። ከአንድ የጄኔቫ ክለብ የተጫዋች መልማይ ጋር ወዳጅ ነበርና፣ ሰውየው ፍጻሜውን ሊያይ እንደሚመጣ ነገረን። መልማዩ ስለ ወንድሜ ሰምቶ «የዙሪኩን አጥቂ ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ነበር አሉ። ይህን የሰማን ቀን ወንድሜ እራት አልበላም። «ካየኝ ይወስደኛል» አለኝ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስለ ራሱ እንደዚያ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ያላወቅነው ግን አንድ ነገር ነበር፤ የአለቃው የእህት ልጅም አጥቂ ነበር።

ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን አለቃው ለጋሼ ደወለ። ጋሼ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም በጆሯችን ሰማን።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንጀምራለን» አለ።

መቼም ውጭ አገር የኖረ ሀበሻ ይህን ሲሰማ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታውቃለህ። ጋሼም ጠየቀ። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ወንድሜ፣ እኛ እዚህ ፈረንጅ ከሆንን ሰነበትን!»

እኛም ሳቅን። ጋሼ ስልኩን ዘጋና «ከሰዓት በኋላ ነው፤ እንቅልፋችሁን ጠግባችሁ ኑ» አለን። እኔ ደግሞ የወንድሜን ማሊያ ተኮስኩለት፤ ማሊያ እንደማይተኮስ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ደረቱ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ቀለጠ።

ጄኔቫ የደረስነው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። ባቡሩን በጭብጨባና በዘፈን አናግተነው፣ ስዊሶቹ ፉርጎውን ለእኛ ለቀውልን ነበር። ቢዝ የሚሉት የሐይቁ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሜዳው አዲስ ታጭዶ ይሸታል፤ ከማዶ ቋሊማ የሚጠብስ ሰው ነበር። ሜዳው ጋ ስንደርስ ልጆቹ መረቡን ከጎሉ እየፈቱ ነው። ዋንጫው የአለቃው መኪና ኮፈን ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሱበታል።

«በፎርፌ ወሰድነው» አለን አንዱ። «ዳኛው ጠበቃችሁ፣ ጠበቃችሁ፣ ነፋው።»

አለቃው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። «ሦስት ሰዓት ብያችሁ አልነበር? የጠዋት ሦስት ሰዓት እኮ ነው። ምነው፣ ዙሪክ ስትኖሩ አማርኛ ረሳችሁ እንዴ?»

«ፈረንጅ ሆነናል ያሉት እርስዎ አይደሉም?» አልኩት።

«ቀልድ ነዋ እህቴ! ቀልድም አይገባችሁም?»

«ስንቀር ለምን አልደወሉም?»

«የምትመጡ መስሎን» አለና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ባያት ከሺህ ሰው መሃል እለያታለሁ። ደሜ ፈላ። ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ፤ ከአንተም ወደማይጻፈው ወረድኩ፤ ጋሼ በወገቤ ይዞ ባይጎትተኝ ዋንጫውን አናቱ ላይ ነበር የማሳርፈው።

መልማዩስ? መልማዩ በሰዓቱ መጥቶ ነበር። እኛ ስንቀር፣ ባዶውን እንዳይመለስ ብለው እርስ በርስ ለሁለት ተከፍለው ተጫወቱለት። የአለቃው የእህት ልጅ ሁለት ጎል አገባ። መልማዩም ስሙንና ስልኩን ተቀብሎት ሄደ። ይህን ሁሉ ያወራልን ራሱ አለቃው ነው፤ «ለማንኛውም ቀኑ አልባከነም» እያለ። አየህ ሰው ሲጨክን!

ወንድሜ ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ፤ እንደገና አሰረ፤ እንደገና ፈታ። የቅባቱ ሽታ እስከ ዙሪክ ባቡሩን ሞልቶት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ አልወጣም። በኋላም ሌረ፣ ማለት የሙያ ሥልጠናውን፣ ቀለም ቀቢነት ጀመረ፤ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ሆነ። ኳስ በቴሌቪዥን ሲታይ ተነስቶ ዕቃ ያጥባል።

እሱ ዝም ሲል እኔ ያዝኩለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ የተወጋው እህት ነኝ፤ ከተወጋውም እብሳለሁ። የአለቃው የእህት ልጅ በዚያ በጄኔቫው ክለብ አድጎ ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። እኔም የክለቡን ጨዋታ አንድ ሳላስቀር እከታተል ጀመር፤ ሲሸነፍ ለማየት። ቡድኑ ሲሸነፍ ለሥራ ባልደረቦቼ ኬክ እገዛለሁ፤ ልደቴ እየመሰላቸው «እንኳን አደረሰሽ» ይሉኛል። ፓስተራችን ስለ ይቅርታ በሰበከ ቁጥር «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ። እኔ ግን ሁለቱንም ይዣለሁ። ጸሎቴም ያ ልጅ ሪጎሬ እንዲስት ነበር።

እግዜርም ሰማኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት ክለቡ ዙሪክ መጣ። ወንድሜን «ሲኒማ እንሂድ» ብዬ ከቤት አወጣሁትና ስታዲየም በር ላይ አስቆምኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ቲኬቱ በእጄ ስለነበር ግን ገባ። ከአጥሩ አጠገብ ተቀመጥን። ልጁ ገና የመጀመሪያውን ኳስ ሲይዝ ተነስቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

«ሦስት ሰዓት!»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቃሉ የገባው እሱ ብቻ ነው። ዞር አለ፤ ኳሷን ቀሙት። እሰይ! እንደገና ያዘ፤ እንደገና «ሦስት ሰዓት!» አልኩ። ከኋላዬ የነበሩት የዙሪክ ደጋፊዎች ስድብ መሰላቸውና ተቀበሉኝ። ከረባት ያሰረው፣ ቢራ የያዘው፣ ሕፃን ያዘለው ሁሉ እያጨበጨበ «ሶስት! ሳት! ሶስት! ሳት!» ይል ገባ። ወንድሜ እጅጌዬን እየጎተተ «ተይ እባክሽ፣ ተይ» ይላል። ማን ሊሰማው! ሊያልቅ ሲል ጄኔቫዎቹ ሪጎሬ አገኙ። ልጁ ኳሷን አስቀመጠ፤ ስታዲየሙ በአማርኛ ይጮኻል፤ መታት፤ ከጎሉ በላይ ሄደች። እንባዬ መጣ ብልህ ታምነኛለህ? ከደስታ። ያን ሁሉ ዓመት የታጠፈ አንጀቴ ቀና አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጁ ወደ አጥሩ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ወገቤን ያዝኩ። እሱ ግን ላብ በላብ ሆኖ፣ በዚያ በተሰባበረ የጄኔቫ ልጆች አማርኛ «ማዳም፣ ይቅርታ። ሦስት ሰዓት ምንድነው? ፑርኳ? ለምን?» አለኝ።

«አጎትህን ጠይቀው!» አልኩት።

«ቶንቶን?» ግራ ገባው። ወንድሜን አየው፤ ደግሞ አየው። «አንተ የዙሪክ አጥቂ ነህ፤ ቪዲዮህን አይቼ ነበር። ያን ቀን ጠበቅኩህ። ቶንቶን፣ ፈሩ ቀሩ አለ።»

አየህ፣ አያውቅም። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ የሀበሻ ሰዓት የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ልነግረው አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። «ባቡር አምልጦን ነው» አለው። ከዚያ አጥሩን ተደግፎ «ሪጎሬ ስትመታ ትከሻህ ቀድሞ ይናገራል፤ በረኛው ያነብሃል» ብሎ ያሳየው ጀመር። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚሰማው። እኔ ከአሥር ዓመት በላይ የያዝኩትን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አለቃውን ዛሬም አልማርኩትም፤ እግዜር ይይለት። ልጁን ግን ከዚያ ወዲያ መጥላት አቃተኝ።

ወደ ረገንስዶርፍ ስንመለስ ባቡሩ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የምሽቱ ጀንበር ወንበሮቹ ላይ ትሮጣለች። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ቀለም እየፋቀ ቆየና ተናገረ።

«ያን ቀን ተጫውቼ በሰባት ጎል ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር። መልማዩ አይቶኝ አትረባም ቢለኝም ይሻለኝ ነበር። አርፌ እቀመጥ ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ስለ ኳስ አስተያየት የማትሰጪበት ነገር የለም። እንደ እህት ሳይሆን፣ እውነቱን ንገሪኝ። እችል ነበር?»

ስንቱን ስረግም፣ ስንቱን ስነቅፍ ኖሬ፣ ይህችን አንዲት ጥያቄ ራሴን ጠይቄያት አላውቅም።

«ትችል ነበር እንጂ!» አልኩት።

«ፈጠንሽ» አለኝና፣ ፈገግ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።