ጥገኛ የለኝም

አርባ አንድ ዓመት በሞላኝ ሳምንት አዲስ አበባ የምትኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወለችልኝና «እስከ መቼ ነው ኪኒን ስትቆጥሪ የምትኖሪው?» አለችኝ። እሷ ባሏን ያገኘችው በስልክ መተግበሪያ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስታወራ እንደ ሐኪም ታዛለች።

እኔ መቐለ፣ ዓይደር ውስጥ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ፣ የራሴ መድኃኒት ቤት አለኝ። በጦርነቱ ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ለስኳር በሽተኞች «የለም» ስል ከርሜ፣ ሰላም ሲወርድ እንደ አዲስ አቋቁሜዋለሁ። አባቴ ከወሎ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ ከእሱ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር በትግርኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት። እሱ ከሞተ ቆይቷል። እናቴን ደግሞ ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯም ግማሽ ግማሽ ነው። ወንድምም እህትም የለኝም። ቀን ቀን አንዲት ጠና ያሉ ሴት ይረዷታል፤ የቀረው የእኔ ነው። እሷ ከታመመች ወዲህ ሁለት ሰዎች ለጋብቻ አስበውኝ ቤታችን መጥተው ነበር። ሁለቱም ሻይ ጠጡ፣ ሁለቱም ሳሎን ወዳለው አልጋ ዞረው «እግዜር ይማርዎ» አሉ፣ ሁለቱም አልተመለሱም።

ጓደኛዬ ሦስት መተግበሪያ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ለማንም ክፍት ነው። ከፈትኩት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የአንድ ደንበኛዬ ፎቶ መጣልኝ። «ላጤ» ይላል። በማግስቱ የሚስቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጣ፤ እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ሸጥኩለት። ሁለተኛው የንስሐ አባት ስልክ ይጠይቃል። የኔ ንስሐ አባት እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወልላቸው የሚሉት ታየኝና ዘጋሁት። ሦስተኛው «ለባለሀብቶችና ለከፍተኛ ባለሙያዎች ብቻ» የሚል ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ ፎቶ አንስቶ መላክ ያስፈልጋል።

«መግባቱ ነው የሚከብደው» አለች ጓደኛዬ። «ከገባሽ በኋላ ተራ ሰው አያይሽም።»

እሱን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር የሳበኝ በውስጡ ያሉት ወንዶች አልነበሩም፤ በሩ ነው። እኛ ስልኩም መንገዱም ባንኩም ተዘግቶብን የኖርን ሰዎች ነን። ሰው መርጦ የሚያስገባ በር ሳይ፣ ከተመረጡት መሀል መሆን አማረኝ።

ቅጹን የሞላሁት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እናቴን ሾርባ እያጎረስኩ ነበር፤ ስልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው። ቁመት፣ ትምህርት፣ ያዩዋቸው አገሮች። ከዚያ «በእርስዎ ሥር የሚተዳደር ጥገኛ አለ?» የሚል መጣ። ከሥሩ ሁለት ሣጥን፦ አለኝ፣ የለኝም። በቀኝ እጄ የእናቴን አፍ እየጠረግሁ በግራ እጄ «የለኝም» የሚለውን ነካሁት። እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ሾርባው ጥሟት ነበር።

ከቀናት በኋላ አንዲት ወጣት ከአዲስ አበባ ደወለችና ለማጣራት ያህል አነጋገረችኝ። «መቀሌ ነው የሚኖሩት?» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ። «አባሎቻችን በብዛት እዚህ ናቸው። ለመዘዋወር ፈቃደኛ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ። አንዴ የጀመረ አፍ አይቸግረውም።

ገባሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ሰው ጻፈልኝ። ሃምሳ ሊደፍን ትንሽ የቀረው፣ የፋብሪካ ማሽን አስመጪ ነው። ጽሑፉ ሥርዓት ያለው፣ ድምፁም ረጋ ያለ ነበር። ማታ ማታ ሲደውል ግቢ እወጣለሁ፤ ብርድ የማልወድ ሰው ጋቢ ደርቤ እወጣለሁ፤ የእናቴ ድምፅ እንዳይሰማ። ስለ መጽሐፍ እናወራለን፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሳይቀር። አንድ ቀን ስለ ወላጆቼ ጠየቀኝ።

«አባቴ አርፏል» አልኩ። እዚያ ላይ ዝም አልኩ። «እናቴ ግን አለች» ለማለት ትንፋሽ ስቤ ነበር።

እሱ ዝምታዬን በራሱ ተረጎመው። «ሁለቱንም አጥተሻል ማለት ነው። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን» አልኩ።

ስገባ እናቴ አልተኛችም ነበር። ትራሷን አስተካከልኩላት። እጄ ቀዝቅዞባት ነው መሰለኝ በደህናው እጇ ይዛ አሸችልኝ።

ሰውየው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ የልብስ ፋብሪካ ማሽን ሊያሳይ መቐለ መጣ። ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ከቀትር በኋላ ተገናኘን። ከፎቶው ትንሽ ያረጀ፣ ከድምፁ ግን ያላነሰ ሰው ነበር። ወንበር ሳበልኝ። ስለ ከተማው ጠየቀኝ፣ እኔም እንደ አስጎብኚ ቀባጠርኩ። ከሳቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና መንጋጋዬን አመመኝ። «እኛ ዕድሜ ላይ ሰው ሲገኝ ብዙ ማመንታት ጥሩ አይደለም» ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን መጡ። እናቴን ከልጅነት የሚያውቁ፣ እኔን አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ ከመንገድ አይተውኝ ነው። ሦስቴ፣ አራቴ ሳሙኝና «ከመይ ኣለኺ ጓለይ? ኣደኺ ከመይ ኣላ?» አሉኝ። እንዴት ነሽ ልጄ፣ እናትሽስ እንዴት ናት ማለታቸው ነው። ሰውየው ትግርኛ እንደማይሰማ አውቃለሁ። «ደሓን» ብዬ በአጭሩ ልሸኛቸው አሰብኩ። እሳቸው ግን እንግዳ ሰው አይተው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ሆነባቸው። ወደ እሱ ዞረው በሚችሉት አማርኛ አመሰገኑኝ።

«የተባረከች ልጅ ናት፣ ወንድሜ! እናትዋን ይዛ ነው የቀረችው። ስድስት ዓመት ሙሉ አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ። እሷ ባትኖር እናትዋ ዛሬ በሕይወት አልነበረችም።»

እሱ ብድግ ብሎ እጅ ነሳቸው። ሴትዮዋ መርቀውን ሄዱ። ከዚያ ቁጭ አለና ስኒውን ትንሽ ገፋ አደረገው።

«እናትሽ አሉ?»

«አለች።»

«ነፍሳቸውን ይማር ስልሽ አሜን ብለሽኛል።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ነገረኝ። አባቱን ዘጠኝ ዓመት አስታምሟል። ትዳሩም የፈረሰው በዚያው መሀል ነው። አባቱን ቀብሮ ሲመለስ፣ ከእንግዲህ የሕመምተኛ አልጋ ያለበት ቤት አልገባም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። በመተግበሪያው ላይም መጀመሪያ የመረጠው «ጥገኛ የሌላት» የሚለውን ነው።

«ብትነግሪኝ ኖሮ አልጽፍልሽም ነበር፤ እሱን አልዋሽሽም» አለ። «ግን አከብርሽ ነበር ብዬ አስባለሁ።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ደክሞሽ ነው። አውቀዋለሁ። ማንም ባያውቀው እኔ አውቀዋለሁ።»

እዚያ በረንዳ ላይ ድካሜን ያወቀልኝ ብቸኛው ሰው ድካሜን ሸሽቶ የሚሄደው ሰው ነበር። ጨብጦኝ ተለያየን።

ባጃጅ ይዤ ቤት ስገባ በሩ ቧ ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤታችን ቀድመውኝ ደርሰው «ልጅሽ እንግዳ ይዛ ልትመጣ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው» ብለው ለእናቴ ነግረዋታል። የሚረዷት ሴት ፀጉሯን ቀብተው አበጥረውላታል። ከሳጥን የወጣውን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ አልጋው ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ በሁለት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ያን ያህል ቀጥ ብላ ከተቀመጠች ዓመት አልፏታል። የማይታዘዘውን እጇን በነጠላዋ ሸፍናዋለች። እንግዳው እንዳያየው ነው።

«ኣበይ ኣሎ?» አለችኝ። የት አለ?

«አውሮፕላን እንዳያመልጠው ቸኩሎ ሄደ፣ ኣደይ።»

ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገለች። «ጽቡቕ ሰብ ድዩ?»

«አዎ፣ ጥሩ ሰው ነው።»

ልብሷን ላወልቅላት ስጠጋ በእጇ ከለከለችኝ። ምናልባት ሐሳቡን ለውጦ ይመጣል ብላ ነው። እስኪመሽ እንደዚያው ሆና በሩን ስታይ ቆየች። እኔ ጓዳ ገብቼ የቧንቧውን ውኃ ከፈትኩት።

በሳምንቱ ቅጹን ከፍቼ «አለኝ» ወደሚለው ቀየርኩት። ጓደኛዬ ስነግራት «ማን ቀይሪ አለሽ?» ብላ ተቆጣች። ድርጅቱ በጣም ትሑት በሆነ ቋንቋ ጻፈልኝ፦ መረጃዎን ስላሻሻሉ እናመሰግናለን፤ ለጊዜው ከእርስዎ ጋር የሚጣጣም አባል አላገኘንም። አሁን አንድ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ለጊዜው እንደተባለ ነው።

እናቴ ያን ሰው እስከ ዛሬ ድረስ አልፎ አልፎ ትጠይቀኛለች። ሥራ በዝቶበታል እላታለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ግን ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ምን እንዳደረግሁ መንገር ይኖርብኛል። እሷ ደግሞ ያንን ብትሰማ የምትለውን አውቀዋለሁ። «ልክ ነሽ፣ ጓለይ» ነው የምትለው። እሱን መስማት ነው የማልችለው።