የድንገተኛ ክፍሉ ደንበኛ

ሐርጌሳ በመጣሁ ሰሞን ልቤ ያስቸግረኝ ጀመር። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ የግቢው ቆርቆሮ በር ጓ ሲል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ያሳደገኝ አጎቴ ሰክሮ ሲገባ በሩን እንደዚያ ነበር የሚወረውረው፤ ከበሩ ቀጥሎ ቀበቶው ነው። ያኔ ግን ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። የልብ በሽታ ነው ብዬ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሮጥ ነበር።

ጎረቤቴ የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ ባሏ በበርበራ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ሶማልኛ ስለምትችል አብራኝ ትሄዳለች። ደረቴ ላይ ሽቦ ይለጥፋሉ፣ ደም ይቀዳሉ፣ «ምንም የለባትም» ይላሉ። ምን ደርሶብሽ ያውቃል ያለኝ አንድም ሰው የለም። ስመላለስ ለመዱኝና ነርሷ ገና በሩ ላይ ስታየኝ ባልደረባዋን ትጠቅሳለች። አንድ ቀን ሐኪሙ ሆዴን ሊዳስስ ልብሴን ገለጥ ሲያደርግ ጮኼ እጁን ገፈተርኩት።

«ዋላን!» አለ።

ጎረቤቴ አልተረጎመችልኝም። እብድ ማለት እንደሆነ ግን አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እግሬን ሰበሰብኩ። ቀኝ ጎኔን ሲወጋኝ፣ ሲያስመልሰኝም፣ ያው የእኔ ጭንቀት ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ። ትኩሳቱ ሲያንዘፈዝፈኝ ጎረቤቴ በባጃጅ ጭና ወሰደችኝ።

«ዛሬም ልቧ ነው?» አለች ነርሷ እየሳቀች።

«ሆዷ ነው! እያት እንጂ!»

«ትቀመጥ።»

ከእኛ በኋላ የመጡት እየገቡ እኛ ተቀመጥን። ራሴን ስቼ ስወድቅ ነው ያነሱኝ።

ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ኖሯል። ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ከአልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ ለምን እስከዚህ ቆየሽ ሲል በጎረቤቴ በኩል ጠየቀኝ።

«ስመጣ ሳቁብኝ፣ ስቀር ቆየሽ ትሉኛላችሁ በይልኝ» አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ ገና እጃቸው ላይ ነሽ እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ ያልኩትን ትታ፣ «እንዲህ እንደሚከፋ አላወቀችም ነበር» አለችው፤ ይህን ያህል ሶማልኛ ይገባኛል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች» ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

አሁን ሲያመኝ መድኃኒት ቤት ነው የምሄደው። ሻጩ አይነካኝም፣ አይጠይቀኝም፤ ክኒኑን በመስኮት አቀብሎኝ ፊቱን ያዞራል።