በሬው ውጭ አገር፣ ሞፈሩ መሐል ሜዳ

የእህቴ ባል የጌም ማሽኔን ሳይጠይቀኝ ሸጠው።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ጌም ቤት ነበረን። ማሽኑ የኔ፣ ቤቱና ቴሌቪዥኑ የሱ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት ማለት ነው። ኅዳር ላይ ገብስ ላጭድ ገጠር፣ ቀየት ሄጄ ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ከቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ብቻ ቀርቷል፤ ከኋላው ጣት የምታህል ነገር ተሰክታለች።

«ጋሼ፣ ማሽን መግዛት ቀረ እኮ» አለኝ። የወረዳ ሠራተኛ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ስለሚቀመጥ ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል። «ጨዋታው ውጭ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው። ለኛ ምስሉ በኢንተርኔት ይመጣልናል። በየወሩ መክፈል ብቻ ነው።»

«ማሽኔስ?»

«ሞላሌ ከተማ ሻይ ቤት ያለው ሰውዬ ገዛው። አሮጌ ነበር እኮ።»

አሮጌ! እኔም አሮጌ ነኝ። ፊደል የለየሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ዕቃው ሲሸጥ መቼም አይጠየቅም።

የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት፣ አልዋሽም፣ ሠራ። ምስሉ ከኔ ማሽን ያምር ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ከተማው ሁሉ ስልኩን መነካካት ሲጀምር፣ ኳስ ሊመታ እግሩን ያነሣው ተጫዋች እንዳነሣ ቆሞ ቀረ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጆይስቲኩን አስቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ኳሷ በሚኒባስ ነው እንዴ የምትመጣው? ደብረ ብርሃን ወርዳ ምሳ እየበላች ይሆናል» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ታኅሣሥ ላይ ሰው ሁሉ የሚወደው የኳስ ጨዋታ ጭራሹን ጠፋ። በእንግሊዝኛ የመጣውን ጽሑፍ አንድ መምህር አነበበልኝ፤ «ከዝርዝሩ ወጥቷል» ይላል። ማን አወጣው? ማንን ጠይቆ? የኔም ማሽን መብራት ሲጠፋ ይጠፋ ነበር፤ መብራት ሲመጣ ግን ጨዋታው እዚያው ነው፣ የትም አይሄድም።

ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ሦስቱም ገበሬዎች ናቸው፤ ጌም የሚባል ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የእህቴ ባል ይህን ሲያይ ደስ አለው። ለኔ የነገረኝን ያንኑ ወሬ፣ ትልቁን ኮምፒውተርና የሚመጣውን ምስል፣ እንደ ሰባኪ እጁን እያወራጨ ደገመላቸው።

ትልቁ ሽማግሌ አዳመጡት። «በሬው ውጭ አገር፣ ሞፈሩ መሐል ሜዳ በለኛ!»

«አባባ፣ እርስዎ አልገባዎትም። ይሄ በሬ አይደለም።»

«ገብቶኛል እንጂ። ባለቤቱ በሬውን ፈትቶ ቢወስድብህ ምን ታደርጋለህ?»

የሚያወራጨውን እጁን ሰበሰበ።

«ተቀናጅቶ የሚያርስ ሰው የባልንጀራውን በሬ ሳያስፈቅድ ይሸጣል?»

«አይሸጥም።»

«ራስህ ፈረድክ። ሂድና አምጣለት።»

ኢንተርኔቱ እንደ ውሃ በሚፈስበት አገር ማሽን መግዛት እውነትም ይቀር ይሆናል። ይቅርላቸው። እኔ የሰው በሬ በመስኮት እያየሁ አርሻለሁ አልልም።

የእህቴ ባል ሞላሌ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ የሻይ ቤቱን ሰውዬ ለምኖ ገንዘቡን መለሰለት። ማሽኔን በገዛ ጋቢው ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ አመጣው። ከቴሌቪዥኑ ሥርም አቧራውን ጠርጎ በራሱ እጅ አስቀመጠው፤ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት።