ኦቦ ገለታ የተዉት ሥራ

የኦቦ ገለታን ማረፍ የነገሩኝ ባለቤታቸው አዴ ጥሩነሽ ናቸው። ስልኩን እንዳነሳሁ ከሰላምታ በፊት «ጫልቱ፣ አባትሽ ሄዱ» አሉኝ። የወለደኝ አባቴ የሞተው በልጅነቴ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ማንን እንደሚሉኝ ግራ ገባኝ። ኦቦ ገለታን ማለታቸው መሆኑን ቆይቼ ነው የተረዳሁት።

የጎጆ ከተማ ሰው ያውቃቸዋል። ይህን የምጽፈው በአምቦ፣ በካቺሲና በሌላም ቦታ ሆናችሁ ለቀብር ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ነው።

ኦቦ ገለታ በወጣትነታቸው ጎጆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ጽሑፋቸው ስርዝ ድልዝ የማይታይበት እንደነበር አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ። መንግሥት ተለውጦ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ሲሆን የአማርኛው ታይፕ መኪና መጋዘን ገባ፤ እርሳቸውም በሠራተኛ ቅነሳው ወጡ። «ከእናቴ ጋር የማወራበትን ቋንቋ መጻፍ አቅቶኝ ከሥራ ወጣሁ። ማንን ልውቀስ?» ይሉ ነበር። ቋንቋቸው መጻፉ ደስ ብሏቸዋል፤ እንጀራቸው መቋረጡ ደግሞ አሳዝኗቸዋል። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደሚይዟቸው አያውቁም ነበር።

ቁቤን ከልጃቸው ከሌሊሴ የትምህርት መጽሐፍ ላይ ተማሩ። እርሳቸው ሲያውቁት የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ዲፕሎማ መጠየቅ ጀመረ። አምቦ ተመላልሰው ኮምፒውተር ተማሩ፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ወጣት ነው የምንፈልገው» ተባሉ። ቤተሰቡ የኖረው በአዴ ጥሩነሽ የድንች ንግድና በዘመድ መሬት ላይ በሚዘሩት ገብስ ነው። ኦቦ ገለታ ሰርግ መሄድ ተዉ። «ሰው ሰላም ካለኝ በኋላ የት ነው የምትሠራው ይለኛል» አሉኝ አንድ ቀን። ለቅሶ ግን አይቀሩም ነበር። ለቅሶ ቤት ስለ ሥራ የሚጠይቅ የለም።

አዴ ጥሩነሽ በአይሱዙ ድንች ጭነው አምቦ ሲወርዱ ኦቦ ገለታም አብረዋቸው ይሳፈራሉ። ሚስታቸው ገበያ ሲውሉ እርሳቸው በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ያነባሉ። ሲመለሱም ተመርቀን ቤት ለተቀመጥን ልጆች ይነግሩናል። የእኛ አገር መንገድ ክፉ ነው፤ ወሬው እኛ ጋ ሳይደርስ የምዝገባው ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። በእርሳቸው ምክንያት ስንቱ ሥራ ያዘ! እኔም አንዷ ነኝ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ቤት ከዋልኩ ቆይቼ ነበር። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን የሚሰጥ ግን አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት ስለ እኔ ማውራት አቆመች። አንድ ጠዋት ኦቦ ገለታ ደጃችን ላይ ቆመው ተጣሩ።

«ካቺሲ የመዝገብ ቤት ሥራ ወጥቷል። ልምድ አይጠይቅም። ተነሺ!»

«አልሄድም ኦቦ ገለታ። የሚፈልጉትን ሰው ይዘው ነው የሚለጥፉት።»

«ሊሆን ይችላል። እንሂድና እነሱ እምቢ ይበሉን። እዚህ ተቀምጠሽ ከቀረሽ ግን እምቢ ያልሽው አንቺው ነሽ።»

ካቺሲ ስንደርስ መዝጋቢው መታወቂያዬን አየና የሌላ ወረዳ ልጅ መሆኔን ጠቅሶ መለሰልኝ። ልወጣ ስል ኦቦ ገለታ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ።

«ከጎጆ ድረስ መጥታለች። ትፈተን። ከወደቀች ድካሙ የእኛ ነው።»

«አባቷ ነዎት?» አላቸው ሰውየው።

«አይደለሁም። እኔም ሥራ ፈላጊ ነኝ።»

ሰውየው መታወቂያዬን መልሶ ተቀበለኝና መዘገበኝ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ተቀጠርኩም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው መዝገብ ቤት አንድ ሠራተኛ ተዛወረና ቦታው ክፍት ሆነ። ዲፕሎማ ባይኖርም የቀድሞ አገልግሎት ይያዛል መባሉን ስሰማ ሮጬ የነገርኩት ለእርሳቸው ነው። ተወዳድረው አንደኛ ወጡ። ጎጆ ላይ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። ካቺሲ ቤት ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። ከሁላችን ቀድመው ይገባሉ፤ የሚፈለግ ፋይል አይጠፋባቸውም። ብቻ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ በር በተከፈተ ቁጥርም ብድግ ይላሉ። አክብሮት መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ሳይመጡ ቀሩ። በሳምንቱም አልመጡም። ጎጆ ስሄድ ጓሮ ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

«አሞዎት ነው?»

«ደኅና ነኝ። ሥራውን ተውኩት።»

«ምነው? ይህን ሁሉ ዓመት የፈለጉትን!»

ቀና ብለው መቆፈሪያቸውን ተደገፉ። «እዚያ ስቀመጥ የሰው ቦታ የያዝኩ ይመስለኛል። ባለቤቱ መጥቶ ተነስ እስኪለኝ እየጠበቅኩ እንዴት ልሥራ?»

«የእርስዎ ነው እኮ! ተፈትነው ነው ያገኙት።»

«አውቃለሁ። ልቤ ግን አያምንም።»

አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከሐዘን አላውቅም። እርሳቸው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ለእናቴ የሚሆን ድንች ይመርጡልኝ ጀመር።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበችው ሌሊሴ ናት። «በሥራ ዓለም» የሚለው ላይ ስትደርስ የታይፕ ጸሐፊነታቸውን ብቻ ጠቅሳ ወደሚቀጥለው አለፈች። ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ አዴ ጥሩነሽ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ጠየቁኝ፦ «የካቺሲውን ሥራ ለምን ተውኩት አሉሽ?»

ነገርኳቸው። ተገረሙ። «ለእኔ እኮ አንቺ ያልሠራሽው ምግብ አልስማማ አለኝ ነው ያሉኝ።»

ሌሊሴ ሁለታችንንም አየችን። ለእርሷ የነገሯት ሌላ ነው፦ «በፈተናው ሁለተኛ የወጣው ልጅ በየቀኑ ደጁ ላይ ቆሞ ሳየው አላስችል አለኝ።»

ይህኛውን አመንኩ። በእርሳቸው ቦታ የተቀጠረው ያ ልጅ ነው፤ ዛሬ ጎኔ ተቀምጦ ይሠራል፤ ለቀብሩም አብረን ነበር የመጣነው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

«እኔ?» አለ። «ያኔ አምቦ የቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ከፈተናው በኋላ በስልክ እስክትጠሩኝ ድረስ ካቺሲን አልረገጥኩም።»

ኦቦ ገለታ፣ እንግዲህ የቱን ልመን? ብጠይቅዎ አራተኛ ምክንያት ይሰጡኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ለእያንዳንዳችን መቀበል የምንችለውን ያህል ብቻ ነግረውን ይሆን? ወይስ እርስዎም ራስዎ ምክንያቱ ጠፍቶብዎት ኖሯል? ባለፈው እሑድ መቃብርዎ ዘንድ ቆሜ ይህንኑ ሳስብ ቆየሁ፤ የሚመልስልኝ እንደሌለ እያወቅሁ። ተናድጄብዎ ነበር፤ ዛሬም ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። እንዲህ እየናፈቁኝ እንዴት እንደምናደድ ደግሞ እሱም አይገባኝም። ያም ሆኖ ሳይገባኝ እንደወደድኩዎ ይወቁልኝ።

ነጋቲ፣ ኦቦ ገለታ። በሰላም ይሂዱ።