ያጋራሁት የሥራ ማስታወቂያ

ዛሬ ጠዋት የአክስቴ ልጅ ብርቱካን ከፃግብጂ መጥታ፣ ሰቆጣ ያለው ሱቄ በር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«መሥሪያ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ለካ ባለፈው ሳምንት እዚህ ገጼ ላይ ያጋራሁትን የሥራ ማስታወቂያ አይታ ነው። «መመዝገቢያ ክፈይ» ሲሏት በጓን ሸጣ ብሩን ልካላቸዋለች። ማስታወቂያው ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ከዘረዘራቸው ሥራዎች ለሹፌሩ እንኳ ሳይቀር «ልምድ አያስፈልግም» ይላል እኮ! ይህን እያነበብኩ ነው ያጋራሁት።

«አንተ ስላጋራኸው ነው ያመንኩት» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አብረን ሄደን ለፖሊስ አመለከትን። በጓን እኔ እተካላታለሁ፤ ዓይኗን ማየት ግን አቅቶኛል።

ለመቅጠር ገንዘብ የሚጠይቅ እውነተኛ አሠሪ የለም፤ እባካችሁ እንዳትልኩ። እናንተስ እንዲህ ያሉትን በምን ነቃችሁባቸው? እኔን አምኖ የላከ ሌላ ሰው ካለም፣ ሳያፍር ይጻፍልኝ። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።